«ያልተከፈተ ቀፎ ባለቤት የለውም» ስለሚለው አባባል

የዘጌ ልጅ፦
ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወጣ ባለች ቀበሌ ለንብ አርቢዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ቀፎውን በየሳምንቱ እየከፈትን ፍሬሙን (የማር እንጀራው የሚሠራበትን ተነቃይ የእንጨት ክፈፍ) አንድ በአንድ እንድናይ ከነገሩን በኋላ «ያልተከፈተ ቀፎ ባለቤት የለውም» አሉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። አባቴ ዋንዛ ላይ የሰቀላቸውን ቀፎዎች በእጁ የሚነካቸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኅዳርና በሰኔ ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማለዳ ከደጃቸው ሳይቆም የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ንቦቹ እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ ጭነው በብዛት ሲገቡ እጭ እየተመገበ መሆኑን፣ ድንጉላዎቹ (ወንዶቹ ንቦች) እየተጎተቱ ሲጣሉ የአበባው ጊዜ መገባደዱን፣ ንቡ ደጁ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያድር መንጋ ሊወጣ መቃረቡን ይረዳ ነበር። ንብ እጯን የምታሳድገው ከ34 እስከ 36 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ያ ሙቀት ይበተናል፤ ስንጥቁን የደፈነችበት ሙጫም ይሰበራል፤ ይህን ለመጠገን የምታወጣው ጉልበት ከማሩ ላይ የሚቀነስ ነው። አባቴን የመሰለ ጠባቂ በምን ሚዛን ነው ባለቤት አይደለም የሚባለው?

የአባይ ማዶ፦
ወንድሜ፣ የአባትዎን ትጋት አከብራለሁ፤ ነገር ግን «በዓመት ሁለት ጊዜ» ያሉትን ሳልመረምር አላልፍም። በእነዚያ ሁለት ቀኖች የሚሆነውን እኔም ከአያቴ ጋር አይቻለሁ፦ ንቡ በጨለማ በጭስ ይታፈናል፣ እንጀራው ከነእጩ ይቆረጣል፣ የተረፈው ይኮበልላል። አሜሪካዊው ንብ አርቢ ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1852 ፓተንት ያገኘበት ተነቃይ ፍሬም ያለው ቀፎም የተወለደው ንብን በማስተዋል ነው፤ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ሲተውላት ንብ መተላለፊያ ታደርገዋለች እንጂ በሰምም በሙጫም አትደፍነውም። በዚህ ምክንያት እጩ ሳይነካ ማሩ ተጣርቶ እንጀራው ወደ ቦታው ይመለሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቤት ማፍረስና በየሳምንቱ በር መክፈት ቢመዘኑ፣ ጣልቃ መግባት የሚባለው የትኛው ነው?

የዘጌ ልጅ፦
ያዩት የአያትዎን አቆራረጥ ነው። አባቴ የእጩን እንጀራ ከደጁ በኩል ትቶ ማሩን ከኋላ ብቻ ነበር የሚቆርጠው። እኔም ፍሬምን አልጠላሁም፤ የተቃወምሁት «በየሳምንቱ» የሚለውንና «ባለቤት የለውም» የሚለውን ነው።

ከመራዊ፦
ሁለቱንም ዓይነት ቀፎ ስለያዝሁ ያጋጠመኝን ልናገር። እንደተባልሁት አምስት ዘመናዊ ቀፎዎችን ሳምንት በሳምንት ስከፍት ቆየሁ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሁለቱ ባዶ ቀሩ። የእኛ አገር ንብ ሰላሟን ካጣች ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች እንጂ አትለማመጥም። ሌሎቹን መክፈት ያቆምሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ በመስከረም አደይና መች ሲፈነዳ ከደጃቸው ቆሜ እያየሁ ማር የሚሞሉበት መደረቢያ ሳጥን እጨምርላቸዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ አልነካቸውም። ባለቤትነት የሚታየው ንቡ አብሮ ሲቆይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአባይ ማዶ፦
ጉንዳን ገብቶባቸው ወይም ምግብ አጥሯቸው ቢሆንስ? ባለመክፈትዎ ምክንያቱን ማወቅ አይችሉም።

ከመራዊ፦
ያን ጊዜ እኮ በየሳምንቱ እከፍት ነበር።

የንብ ጠባይ ተመልካች፦
ማየትና መክፈት አንድ ነገር እየተደረጉ ነው። የንብ ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ የንብን የውዝዋዜ ቋንቋ የፈታው በመስተዋት ቀፎ ነው፤ ንቧ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣው መስመር የምታዘነብልበት ማዕዘን አበባው ከፀሐይ ያለውን አቅጣጫ፣ የውዝዋዜዋ ርዝመትም ርቀቱን እንደሚናገር ያወቀው ክዳን እያነሣ አልነበረም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አሜሪካዊው የንብ ተመራማሪ ቶማስ ሲሊ ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት አርኖት በተባለ ደን እ.ኤ.አ. በ1978 በዛፍ ጎሬ የሚኖሩ ንቦችን ቆጥሮ፣ ቫሮዋ የተባለው ተባይ አገሩን ካዳረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመለስ ማንም ሳያክማቸው በሕይወት አግኝቷቸዋል። እዚያ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገኘው አንድ ህብረ ንብ (አብሮ የሚኖር የንብ ቤተሰብ) ገደማ ነው፤ እኛ ግን በአንድ ጓሮ ሃያ ቀፎ እንደረድራለን።

የአባይ ማዶ፦
እህቴ፣ በዚያ ደን ማር የሚቆርጥ ማንም የለም። የእኛ ገበሬ ግን በማሩ ልጅ ያስተምራል። ስለዚህ «ማንም ሳያክማቸው» የሚለውን እዚህ አምጥተው ሲያሳዩን፣ በምርት ማነስ የሚጎዳውን ሰው አብረው ያስቡልን።

የሽምብጡ፦
ምርት ሲባል ለምን ማር ብቻ ይቆጠራል? በፍሬም ቀፎ እንጀራው ስለሚመለስ የሚገኘው ሰም ጥቂት ነው። በታና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት የሚበራው ጧፍ ሰሙን ያገኘው ከባህላዊ ቀፎ ነው። ሁሉም ሰው ባህላዊውን ይተው ከተባለ ጧፉ ከምን ሊሠራ ነው?

የአባይ ማዶ፦
አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንብ ስድስትና ሰባት ኪሎ ማር ትበላለች። ይህን ገበሬው አውቆ ከመረጠ አልከለክለውም።

ከመራዊ፦
ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት የተከፈተውንም የተዘጋውንም ቀፎ እኩል ይፈጃል። ማለዳ ደጁ ላይ ረግፈው ሳያቸው የማዝነውን ያህል በሌላ አላዝንም። ረጪው ቢያንስ ንብ ከገባች በኋላ፣ ሲመሽ እንዲረጭ ማስማማት ከዚህ ሁሉ ክርክር አይቀድምምን?

የአባይ ማዶ፦
በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ወደ መነሻው ስመለስ ግን ለዘጌው ወንድሜ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ዛሬ ንግሥቲቱ ብትሞት፣ ከደጅ ለቆመው ሰው የንቡ መሳሳት የሚታየው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ፍሬሙን ያነሣ ሰው ግን እንቁላል ማጣቱን በዚያው ሳምንት ያያል።

የዘጌ ልጅ፦
ንቦቹ እንደሞተች የሚያውቁት በሰዓታት ውስጥ ነው፤ የእርስዎን ሳምንት አይጠብቁም። ንግሥት ከእንቁላል በ16 ቀን ትወጣለች፤ ከተፈለፈለ ለጋ እጭ ሲያሳድጓት ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። በየሳምንቱ የሚከፍት ሰው ቤቷ ገና ሲሠራ አንድ ጊዜ፣ ልትወጣ ስትል ሌላ ጊዜ ፍሬሙን እየነቀለ ያንቀሳቅሳታል። ቤቷ በፍሬሙ ግርጌ ተንጠልጥሎ ከታችኛው ሳጥን ጋር ሲጋጭና ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን የጣለው እጅ የእኔ ነበር፣ የከፈትሁትም ባለቤት ሁን ስለተባልሁ ነው።