አፍንጮ በር፦ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ እየወደቀ ነው፣ ምን ይሻላል?

ባለሰገነት፦ ከስድስት ኪሎ ግቢ ወደ አፍንጮ በር ሲወረድ ያለ የድሮ ቤት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ሰገነቱ እንጨት። ከውጭ የተለሰነው ሲሚንቶ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ አብጦ እየተገነጠለ ነው። የዶሮ ሽቦ መትቶ እንደገና መለሰን ያዋጣል?

ማገር፦ አያዋጣም። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። ከመሬት የተሳበው ውሃም መውጫ ሲያጣ ቋሚዎቹን ከሥራቸው ያበሰብሳል። ሽቦው ልስኑን ቢይዝ እንኳ ቤቱን የተሸከመው እንጨቱ ነው።

መጀመሪያ ዙሪያውን እዩ። ግቢውና መንገዱ አፈር በተሞላ ቁጥር የመሠረቱ ድንጋይ ይቀበርና ጭቃው መሬት ይነካል። ድንጋዩ ቢያንስ ሁለት ስንዝር እስኪታይ ቆፍሩ፣ ቦይ አውጡ፣ አሸንዳውን ጠግኑ። ይህ ሳይሆን ግድግዳውን መንካት ገንዘብ መጣል ነው። ከዚያ ሲሚንቶውን አንሱና ቋሚዎቹን በካቻቢቴ ውጉ፤ ዘው ብሎ ከገባ በስብሷል። ጣሪያውን በባላ ደግፋችሁ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ሁለት ጎረቤት ቋሚ አብሮ አይነቀልም።

ኖራ በአሸዋ፦ በዚህ ላይ፦ ለምርጉ ቀይ አፈር ይሁን፣ ዋልካ (ጥቁሩ አፈር) ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በየቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ ርገጡት። የመጀመሪያው ምርግ መሰንጠቁ አይቀርም፤ በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። ለመጨረሻው ልስን 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ግድግዳውን አርጥባችሁ። ፀሐይ በቶሎ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ ጋርዱት። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ አይሞከርም።

ባለሰገነት፦ የዘይት ቀለም ከላይ ይቀባል?

ኖራ በአሸዋ፦ አይቀባም፣ እሱም እንደ ሲሚንቶው ያፍናል። በውሃ የቀጠነ ኖራ ደጋግማችሁ ቀቡ።

ጽድ፦ ስድስት ኪሎ ሲባል ሁሉም የሚያነሳው በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ እንዲህ ያሉትን ቤቶች የሚያስታውስ የለም። የሰገነቱን ጌጥ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ስጡ፣ ቅርጹን በካርቶን ላይ ገልብጡ። የበሰበሰውን ጫፍ ብቻ ቆርጣችሁ በደረቅ ጽድ ቀጥሉ፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ይጣመማል። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናው አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሲሚንቶውን ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።