የላንታነም አልሙኔት ናሙና፦ መልቲሜትሩ ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ቁጥር ያሳያል

ጥያቄ ፦ ንብርብር
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ውስጥ ከውጭ የተላኩ ሁለት ናሙናዎች አሉ። ሁለቱም 5 በ5 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስትሮንቲየም ታይታኔት ክሪስታል ላይ ላንታነም አልሙኔት የለበሱ ናቸው፤ አንዱ ባለ 3 ንብርብር፣ ሌላው ባለ 10። አራቱም ማዕዘን ላይ ሲልቨር ፔስት ቀብቼ ስለካ ባለ 10ሩ ጠዋት 40 ሜጋ ኦም፣ ከሰዓት 900 ኪሎ ኦም ይላል። ሬንጅ ስቀይር ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል። ባለ 3ቱ መስኮት አጠገብ ሲሆን ትንሽ ያነባል እንጂ ሌላ ጊዜ ምንም የለም። ተበላሽተው ይሆን? ያለኝ ከመርካቶ የተገዛ ተራ መልቲሜትር ነው። ጥቂት ኢንዲየምም (በቀላሉ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት) አለ።

መልስ ፦ ሽቦና ብየዳ
እህቴ፣ መጀመሪያ ፔስቱን ጠርጥሪ። ኤሌክትሮኖቹ ያሉት ከላይ ሳይሆን ሁለቱ ኦክሳይዶች በሚገናኙበት ገጽ ነው። ፔስቱ የተቀመጠው ደግሞ 4 ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ኢንሱሌተር ላይ ነው። ከረንቱ ያንን ሾልኮ ማለፍ ስላለበት የኦምን ሕግ አይከተልም። መልቲሜትሩ በየሬንጁ የሚልከው ከረንት ስለሚለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ቀዩንና ጥቁሩን ፕሮብ አቀያይረሽ ለኪ፤ ንባቡ ከተለወጠ ችግሩ ከኮንታክቱ ነው።

ፔስቱን በአሴቶን ጥረጊ። መስታወት ቆራጮች በሚይዙት የአልማዝ ጫፍ በየማዕዘኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን ጭረት አውጪ፤ ነጭ ዱቄት እስኪታይ ድረስ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ኢንዲየም ጭረቱ ላይ አድርገሽ የብየዳ ብረቱን በ180–200 ዲግሪ ጫን አድርጊበት (ኢንዲየም በ157 ይቀልጣል)። ተራው የቆርቆሮ ብየዳ ኦክሳይድ ላይ አይያዝም። ፍለክስ (የብየዳ ማጽጃ ቅባት) አትጠቀሚ፤ ላዩን ያበላሽብሻል። ኢንዲየሙ ካለቀ ፔስቱን ጭረቱ ውስጥ መቅበር ይቻላል፣ ግን ያንሳል።

መልስ ፦ ጥቁር ካርቶን
የጠዋትና የከሰዓቱ ልዩነት ከፀሐይ ነው። ስትሮንቲየም ታይታኔት ከ390 ናኖ ሜትር ባጠረ ብርሃን ኤሌክትሮን ይለቃል፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ከዚያ ብዙውን ያሳልፋል። የባሰው ነገር ብርሃኑ ከተቋረጠም በኋላ ውጤቱ ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ናሙናውን ሽቦው እንደተያያዘ ጥቁር ሳጥን ውስጥ 24 ሰዓት አስቀምጪውና ሳትከፍቺ ለኪ። አሴቶን፣ አልኮልና ውሃም ላዩ ላይ ተጣብቀው ማስተላለፉን ከፍ ስለሚያደርጉት ያጠብሽ ዕለት አትለኪ።

መልስ ፦ ቀመር
ባለ 3ቱን እንዳትጥዪው፣ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው። ይህ ገጽ እንደሚያስተላልፍ ኦቶሞና ሁዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ካሳዩ በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከ4 ንብርብር በታች ኢንሱሌተር እንደሆነ ተለካ። የተለመደው ማብራሪያ፦ የላንታነም ኦክሳይዱ ንጣፍ ፖዘቲቭ፣ የአልሙኒየም ኦክሳይዱ ኔጋቲቭ ስለሆነ ቮልቴጁ በየንብርብሩ ይከማቻል፤ 4 ላይ ሲደርስ ኤሌክትሮን ወደ ገጹ ይወርዳል። ስሌቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 3.3×10¹⁴ ኤሌክትሮን ሲል የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አስረኛው ገደማ ነው፤ ክርክሩም ለዚህ አልቆመም።

ስለዚህ ባለ 3ቱ ጨለማ ውስጥ ካላስተላለፈ ጤነኛ ነው። ካስተላለፈ ግን ሲሠራ ኦክሲጅን አጥሮት መሠረቱ (ከሥር ያለው ስትሮንቲየም ታይታኔት) ራሱ ኮንዳክተር ሆኗል ማለት ነው፤ ያኔ የባለ 10ሩም ንባብ አይታመንም። የላኩልሽን ሰዎች ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የኦክሲጅኑ ግፊት ስንት ነበር፣ በኋላስ ኦክሲጅን ውስጥ 600 ዲግሪ አካባቢ ተመልሶ ተጠብሷል ወይ?

ንብርብር
እሺ፣ አመሰግናለሁ። ኮንታክቱን ካስተካከልኩ በኋላ በዚሁ መልቲሜትር እንዴት ልለካ?

መልስ ፦ ሽቦና ብየዳ
የኦም ሬንጁን እርሺው። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ 1 ሜጋ ኦም እና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አያይዘሽ ወደ ሁለት ጎረቤት ማዕዘኖች ላኪ (መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም)። 10 ኪሎ ኦሙ ላይ ወደ 89 ሚሊ ቮልት ካነበብሽ ከረንቱ 8.9 ማይክሮ አምፒር ነው። ከዚያ የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች መካከል ያለውን ቮልት ለኪ፤ ባትሪውን ገልብጠሽ ድገሚና አማካዩን ውሰጂ። ቮልቱን ለከረንቱ አካፍዪ። ማዕዘኖቹን አንድ እርምጃ አዙረሽ እንደገና ሥሪ፣ የሁለቱን አማካይ በ4.53 አባዢ። ሁለቱ እስከ 2 እጥፍ ቢለያዩ እንኳ ስህተቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም።

በክፍል ሙቀት በካሬ (የስስ ንጣፍ ሬዚስታንስ የሚገለጽበት መንገድ ነው) ከ10 ኪሎ ኦም እስከ ጥቂት አስር ኪሎ ኦም ከመጣ ገጹ ነው። አስር፣ ሃያ ኦም ከመጣ መሠረቱ ነው።

መልስ ፦ ጥቁር ካርቶን
የከብት ማዳቀያ ናይትሮጅን ካገኘሽ በዚያው አቀዝቅዢው፦ ትክክለኛው ገጽ ሬዚስታንሱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል፣ መጥፎ ኮንታክት ግን ሽቅብ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ሳይሆን በ75 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ደብተርሽ ላይ 77 ብለሽ አትጻፊ። ስታወጪው ጤዛ እንዳይዘው ሲሊካ ጄል ባለው የታሸገ ከረጢት ውስጥ ይሙቅ።