ቃልና ፍቺው ተዘበራረቀብኝ፣ ፈተናው ነገ ነው! እርዱኝ

ቲቸር ሰኒ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ቶሎ! ለ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ቃላት ማዛመጃ እያዘጋጀሁ ነበር። 80 ቃል ከነፍቺው፣ ኤክሴል ላይ። ፍቺዎቹን ላዘበራርቅ ብዬ ያንን ኮለም ብቻ ሶርት አደረግኩት (በፊደል ተራ ደረደርኩት)። አሁን የቱ የየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ‹ድራውት› አጠገብ የ‹ሃርቨስት› ፍቺ ቁጭ ብሏል። አንሰር ኪ (የመልስ ወረቀቱን) ገና አልሠራሁም። ነገ 2 ሰዓት ላይ ይፈተናሉ።

ኪቦርድ፦ ኮንትሮል ዜድ።

የሰፈሩ ልጅ፦ ኮንትሮልንና ዜድን አንድ ላይ ተጫኚ፣ እስኪመለስ ደጋግመሽ። ደግሞ ሶርት ሲደረግ ኤክሴል ማስጠንቀቂያ ያወጣል እኮ፣ አላየሽውም?

ቲቸር ሰኒ፦ በስልክ ነው የምሠራው። ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ።

የሰፈሩ ልጅ፦ ይሄን መጀመሪያ አይናገሩም?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ችግሩ ኤክሴሉ ብቻ አይደለም። 80 ቃል በአንድ ማዛመጃ አይወጣም፤ ተማሪው ወረቀት ሲያገላብጥ ጊዜው ያልቃል። በአንድ ምድብ ከ8 እስከ 10 ቃል ይበቃል። ግስን ከግስ፣ ስምን ከስም ጋር አድርጊ። አለዚያ ‹ቱ› ብሎ የሚጀምረውን ፍቺ ያይና ትርጉሙን ሳያውቅ ግሱን ይመታዋል። ፍቺዎቹም ከቃላቱ በ2 በ3 ይብለጡ። እኩል ከሆኑ የመጨረሻው መልስ በነጻ ነው የሚገኘው። ፍቺው ደግሞ ከቃሉ የከበደ እንዳይሆን። ሎንግማን የሚባሉት የእንግሊዝ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹ የተጻፉት በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ነው። ተማሪ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት መግለጥ የለበትም።

ኪቦርድ፦ ጋሼ፣ እሷ ፋይሉ ጠፋብኝ ነው ያለችው 😂

ነገር ፈላጊ፦ ቆይ፣ ማዛመድ ራሱ ምን ይጠቅማል? ልጁ ቃሉን ሲያየው ‹አውቀዋለሁ› ይላል፤ ጻፍበት ሲሉት ዝም። ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት።

ቲቸር ሰኒ፦ 60 ተማሪ ነው ያለኝ። 80 ዓረፍተ ነገር ለ60 ልጅ አንተ ታርምልኛለህ?

ነገር ፈላጊ፦ ሐሳብ ነው የሰጠሁት፣ ምን ያስቆጣሻል።

የሰፈሩ ልጅ፦ ፈተናው በመብራት መጥፋት ምክንያት ተራዝሟል በያቸው፣ ማንም አይጠረጥርም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሰኒዬ፣ መጀመሪያ ቴሌግራምሽን እዪ። ፋይሉን ሶርት ሳታደርጊ በፊት ለባልደረባ ወይም ለፕሪንት ቤት ልከሽው ከነበረ ያኛው እዛው እንዳለ ነው። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ከነበረ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺውና ‹ቨርዥን ሂስትሪ› በዪ፣ የቀድሞውን ያመጣልሻል።

ሁለቱም ካልሆነ ያን ያህል አትደንግጪ። ሶርት ያደረግሽው በፊደል ተራ አይደል? እንግዲያው በ‹ቱ› የሚጀምሩት አንድ ላይ ተሰብስበዋል፣ እነሱ ግሶች ናቸው። በ‹ኤ› እና በ‹አን› የሚጀምሩት በአብዛኛው ስሞች ናቸው። የተረፉት ቅጽሎችና ጥቂት ስሞች ናቸው። ቃላቱንም እንደዚያው ከፍለሽ በእጅ መልሺያቸው። የምታስተምሪያቸው ቃላት ስለሆኑ ቶሎ ያልቅልሻል።

ከዛ ሳትነኪው ከፍቺዎቹ ጎን ባዶ ኮለም ላይ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ እስከ 80 ቁጥር ስጪ። ፍቺውንና ቁጥሩን ሁለቱንም መርጠሽ በፍቺው ሶርት አድርጊ። ቁጥሩ ፍቺውን ተከትሎ ይሄዳል፣ እሱው አንሰር ኪ ይሆንሻል። ሲታተም ኮለሙን ደብቂው፣ አደራ።

ኪቦርድ፦ ወይም ኮንትሮል ዜድ።

ጡረተኛው መምህር፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ ያለችው ልክ ነው። ግን ግሱንና ስሙን ከከፈልሽ አይቀር ምድቦቹን በዚያው አውጪያቸው፣ መልሰሽ አትቀላቅያቸው።

የማሂ እናት፦ ቲቸርዬ፣ ሲያልቅ ለእኔም ላኪልኝ፣ የእኔም ልጅ 8ኛ ናት። አንሰር ኪውንም ጨምሪበት፣ እኔም አላውቃቸውም።