ምንም ምልክት የሌለባትን ሕፃን ሽንት ማስመርመር ያስፈልጋል ወይ?

ጥያቄ (የአንዲት ሕፃን እናት)

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ወር ሴት ልጅ አለችኝ፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ክብደቷም እየጨመረ ነው። የእህቴ ልጅ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ታማ ሆስፒታል እስከ መተኛት ስለደረሰች ግን ዘመዶቼ «በየጊዜው ሽንቷን አስመርምሪ፤ ኩላሊቷ ከተጎዳ በኋላ ማልቀስ አይጠቅምም» እያሉ ይወተውቱኛል። ትኩሳትም ሆነ ሌላ ምልክት የሌላትን ልጅ እንዲህ መመርመር ተገቢ ነው? የሚያስፈልግ ከሆነስ፣ ገና ዳይፐር ከምታደርግ ልጅ ንጹሕ ሽንት እንዴት ይገኛል?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)

ልጅዎ አሁን ባለችበት ሁኔታ ምርመራው አያስፈልጋትም። የጤነኛ ልጆችን ሽንት በየክትትሉ ማየት ቀድሞ የተለመደ ነበር፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ከመደበኛ የክትትል ሰንጠረዡ አውጥቶታል። አንዳንድ ልጆች ምንም ሳይታመሙ ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ በራሱ ይጠፋል፤ በአንቲባዮቲክ ማሳደዱ ግን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከማፍራት በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ነገሩ የሚለወጠው ትኩሳት ሲመጣ ነው። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ደርሶ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘለት ሽንቱ መታየት አለበት፤ እንዲህ ካሉት ልጆች ከ100 ከ5 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይገኛልና። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ስሸና ያቃጥለኛል» ብሎ አይናገርም፤ ምልክቱ ማስመለስ፣ ምግብ እምቢ ማለት ወይም መነጫነጭ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሴቶች ልጆችና ያልተገረዙ ወንድ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሕፃኑ ከ3 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ትኩሳት እንደታየ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)

ስለ አወሳሰዱ ልጨምር። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከረጢት ለወላጅ ቀላል ቢሆንም፣ ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ የቆዳና የሰገራ ባክቴሪያ አጥቦ ይገባል። ስለዚህ በከረጢት የተወሰደ ሽንት ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ እፎይ ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያ አበቀለ ተብሎ ግን ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት ለሚደረገው ምርመራ) የሚታመነው በካቴተር፣ ማለትም በሽንት መውጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ከፊኛ በቀጥታ የተወሰደው ነው። ልጁ ሲሸና መሐል ላይ በንጹሕ ዕቃ መቅለብም ይቻላል፤ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀዝቃዛ ውኃ በራሰ ጨርቅ በቀስታ ማሸት አንዳንዱን ሕፃን ቶሎ ያሸናዋል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ የማይደርስ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው ይራባና ውጤቱን ያዛባል።

በመመርመሪያ ወረቀቱ ላይ «ናይትራይት የለም» የሚል ውጤትም አያዘናጋችሁ። ናይትራይት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽንት ውስጥ የሚፈጥሩት ንጥረ ነገር ነው፤ እንዲፈጠር ግን ሽንት ፊኛ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት መቆየት አለበት፤ ሕፃናት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚሸኑ ታመውም ላይታይ ይችላል።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት በከረጢት የተወሰደው ሽንት ኢንፌክሽን አለ ቢል፣ መድኃኒቱን ወዲያው ልጀምርላት?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በካቴተር ሌላ ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ አንቲባዮቲክ ከተሰጠ በኋላ ካልቸሩ ባክቴሪያ ላያበቅል ስለሚችል፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ያስቸግራል። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ግን ልጅቷ በጣም ከታመመች የካልቸሩን ውጤት መጠበቅ አይገባም፤ ውጤቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃልና ሕክምናው በዚያው ዕለት ይጀመራል፤ ውጤቱ ሲደርስ መድኃኒቱ ይስተካከላል ወይም ይቆማል። ኢንፌክሽኑ ከተረጋገጠ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድም ይታዘዝላታል።