ራስኮልኒኮቭ ተጸጽቷል ትላላችሁ?

አንባቢዋ፦ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ስለ ጸጸት የተጻፈ ታላቅ ልብ ወለድ ነው ይባላል። ታላቅነቱን አምናለሁ፤ ጸጸቱን ግን አላየሁትም። ድሃው ተማሪ ራስኮልኒኮቭ መያዣ እየያዘች በወለድ የምታበድረውን አሮጊት አልዮና ኢቫኖቭናን በመጥረቢያ ይገድላል፤ ሳይታሰብ የደረሰችውን እህቷን ሊዛቬታንም ይደግማል። ከዚያ በኋላ ብዙ ይሠቃያል። ለሟቾቹ የተሠቃየበት ገጽ ግን የት ነው? ሳይቤሪያ ከወረደ በኋላ እንኳ ኅሊናውን ቢመረምር ያገኘው ጥፋት ነገሩ አለመሳካቱና እጁን መስጠቱ ብቻ ነው፤ መደምደሚያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ለእኔ ይህ የተሸነፈ ሰው ነው። የምትቃወሙኝ ከመጽሐፉ አስረዱኝ።

ዲያቆን፦ እህቴ፣ ጸጸትን በአንደበቱ ብቻ ለካሽው። አእምሮው እየተከራከረ ሥጋው ግን አምኗል እኮ። በማግስቱ በሌላ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ስለ ግድያው ሲወራ ሰማና ራሱን ስቶ ወደቀ። የዘረፈውን ወስዶ ከድንጋይ ሥር ቀበረው። ቦርሳው ውስጥ 317 ሩብል ከ60 ኮፔክ መኖሩ የታወቀው ጉዳዩ ሲጣራ ነው፤ እሱ ከፍቶ እንኳ አላየውም። ገንዘቡን እንዳይነካ እጁን የያዘው ምንድን ነው?

የሕግ ተማሪ፦ እኔም ከዲያቆን ጋር ነኝ። መርማሪው ፖርፊሪ ፔትሮቪች የሚጨበጥ ማስረጃ አልነበረውም። ቀለም ቀቢው ሚኮልካ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ራስኮልኒኮቭ ድህነት ሴተኛ አዳሪ ላደረጋት ለሶንያ ምስጢሩን ሲነግራት ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ የሰማው ስቪድሪጋይሎቭ ራሱን አጥፍቷል፤ ራስኮልኒኮቭም ይህን የሰማው ሊናዘዝ ጣቢያው ከገባ በኋላ ነው። ምንም ሳይናገር ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ሶንያን ሲያይ ተመልሶ ገባና ተናገረ። ሕግ አላስገደደውም። ታዲያ ማን መለሰው?

አንባቢዋ፦ ሶንያ ናታ፣ ራስህ ተናገርከው። ከሰው ተለይቶ መኖር አልቻለም። እናቱና እህቱ ሲመጡ ክንዱን አንሥቶ ማቀፍ ተስኖታል፤ ያ መቆረጥ ከግዞት የከፋ ቅጣት መሆኑን አልክድም። ግን ለሶንያ ሲናዘዝ ምን አላት? አሮጊቷን ሳይሆን ራሴን ነው የገደልኩት አላት። የሁለት ሴቶች ደም ፈስሶ የሚያለቅሰው ለራሱ ነው! አሮጊቷን «ቅማል» ይላታል፤ እሺ፣ ጠልቷታል እንበል። ሊዛቬታስ? እህቷ እንደ ባሪያ የምታሠራት፣ ማንንም ያልበደለች የዋህ ሴት ነበረች። እሱ ራሱ አንድ ቦታ ላይ፣ ስለ እሷ የማላስበው ለምንድን ነው፣ እንዳልገደልኳት ሁሉ እያለ ይገረማል። እኔን ያስቆጣኝ ይኸው ነው።

ሐኪሟ፦ ስለ አንድ ነገር አለማሰብ መርሳት ማለት አይደለም። ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ከሐሳቡ ያርቀዋል። ያንን የኑዛዜ ክፍል እንደገና አንብቢው፦ ነገሩ ሲገለጥላት ሶንያ እጇን ዘርግታ በፍርሃት ስትሸሸው፣ በፊቷ ላይ የሊዛቬታን ፊት አየ። ሊዛቬታም መጥረቢያ ይዞ ሲቀርባት እንደ ፈራ ሕፃን እጇን ዘርግታ ነበር ወደ ኋላ ያፈገፈገችው። ሳይጠራት መጣችበት። ካልተጸጸተ ያን ፊት ከየት አመጣው?

የሕግ ተማሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለአንባቢዋ ቢያደላም። ዶስቶየቭስኪ በ1849 ተይዞ ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ መረሸኛው ላይ ከቆመ በኋላ ቅጣቱ ተለውጦለት ኦምስክ እስር ቤት 4 ዓመት በከባድ የጉልበት ሥራ አሳለፈ። ስለዚያ ሕይወት በጻፈው የእስር ቤት መጽሐፍ፣ በእነዚያ ዓመታት በወንጀለኞቹ ላይ የጸጸት ምልክት እንዳላየ ይናገራል። የራስኮልኒኮቭ ደንዳናነት ደራሲው በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

አንባቢዋ፦ አመሰግናለሁ። ለሐኪሟ፦ ያቺን ገጽ እወዳታለሁ፤ ግን ፊቷ ታየው እንጂ ምን አደረገበት? ስለ ናፖሊዮን፣ ሕግን ስለሚሻገሩ ታላላቅ ሰዎች ማውራቱን ቀጠለ። ከቶልስቶይ «ትንሣኤ» (1899) ጋር አስተያዩት። ኔኽሊዩዶቭ በወጣትነቱ አታልሎ የተዋት ማስሎቫ በነፍስ ግድያ ተከሳ ስትቀርብ እሱ ከጁሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። ደነገጠ፣ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ላግባሽ አላት። እሷ ምን አለችው? በዚህ ዓለም ተደሰትክብኝ፣ በወዲያኛው ደግሞ በእኔ ልትድን ትፈልጋለህ ብላ ፊት ለፊት ነገረችው። የተበደለችው ሴት ትናገራለች፣ ትቆጣለች፣ በመጨረሻም ሌላ ሰው ትመርጣለች። ኔኽሊዩዶቭ የራሱን ጸጸት እያደነቀ መኖር ያልቻለው እሷ ስላለች ነው። ለሊዛቬታ እንዲህ የሚናገርላት የለም።

ዲያቆን፦ ሟች እንዴት ትናገር? ግን ደራሲው አልተዋትም። ሶንያ የአልዓዛርን ትንሣኤ ያነበበችለት ወንጌል ከማን የመጣ ነው? ከሊዛቬታ። ሶንያ አንገት ላይ ያለው የመዳብ መስቀልስ? የሊዛቬታ ነው፤ ተለዋውጠውታል። ያው ወንጌል በመጨረሻ ሳይቤሪያ ድረስ ሄዶ ከገዳዩ ትራስ ሥር ተገኘ። የሟቿን መጽሐፍ ተንተርሶ እየተኛ ጸጸት አልነካውም ትያለሽ?

አንባቢዋ፦ እሱ ደራሲው ሊዛቬታን እንዳሰባት ያሳያል፤ ራስኮልኒኮቭ ለማሰቡ ግን ማስረጃ አይሆንም። ከትራሱ ሥር አወጣው እንጂ አልከፈተውም፤ በልቡ የነበረችውም ሶንያ ናት። ከግዞቱ 7 ዓመት ይቀረዋል፣ ዶስቶየቭስኪም የመታደሱን ነገር ለሌላ ታሪክ አቆየው። በዚያ ባልተጻፈ ታሪክ ውስጥ ይጸጸት ይሆናል። በተጻፈው ውስጥ ፍቅር አግኝቷል፤ ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሟ፦ ለእኔ ሌላ አይደለም። ሰውን ቅማል ይል የነበረ ሰው አንዲት ሴት እግር ላይ ወድቆ ካለቀሰ፣ ሊዛቬታም ሰው መሆኗ የሚገባው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ስሟን በየገጹ ቢጠራውስ ምን ይጠቅማል?