«ማዕቀቡ እንደገና ተነሳ» ምን ማለት ነው?

ወንዝማዶ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ኢራን በሬዲዮ ስሰማ ጋዜጠኛዋ «እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የኒውክሌር ስምምነት የተነሳው የተመድ ማዕቀብ እንደገና ተነሳ» አለች። ቀረ ነው ወይስ መጣ?

ቀለምቀንድ፦ ማዕቀብ ይጣላል፤ የተጣለ ነገር ደግሞ ይነሳል። በደንቡ ከሄድን ቀረ ማለት ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2025 ለጸጥታው ምክር ቤት ደብዳቤ አስገቡ። 30 ቀን ሲሞላ በመስቀል ሰሞን የድሮዎቹ የማዕቀብ ውሳኔዎች ነፍስ ዘሩ። ብልሃቱ ደስ ይላል፦ ውሳኔ የሚያስፈልገው ማዕቀቡ እንዳይመለስ እንጂ እንዲመለስ አይደለም። ስለዚህ ሩሲያና ቻይና ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት እያላቸው ምንም አልፈየደላቸውም። የ6 ወር ማራዘሚያ አቅርበውም 4 ድምፅ ብቻ አገኙ።

አራዳው፦ በለኛ «ተንሥአ እሙታን»! ያውም በ30ኛው ቀን 😂

የዜማ ልጅ፦ በዚህ አይቀለድም፣ ወንድሜ።

እቴጌ_ሰዋስው፦ ቁልፉ ያለው ጭራው ላይ ነው። «ተነሳላት» ካለች ተገላገለች፣ «ተነሳባት» ካለች መጣባት። «በስምምነቱ የተነሳ»ማ «በስምምነቱ ምክንያት» ተብሎም ይሰማል።

ቀለምቀንድ፦ «ማዕቀብ ተነሳባት» የሚል ሰው የት ሰማሽ? ጠላት ነው የሚነሳባት። ማዕቀብ ይጣልባታል።

እቴጌ_ሰዋስው፦ ለተጣለባት አገር ልዩነቱ ምንድን ነው?

መሪጌታ_ዘጎንደር፦ ልጆች፣ «ተነሳ»ን ተዉት። ሥሩ «ዐቀበ» ነው፣ ጠበቀ። «ዕቀበነ» እያላችሁ አልጸለያችሁም? ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ ነው። ማዕቀብም መጠበቂያ ነው።

ወንዝማዶ፦ መሪጌታ፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ማንን ነው የሚጠብቀው? የመንግሥታት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጁን አልከለከለም፣ ስዊዝንም አልዘጋም። እኛን ከማን ጠበቀን?

መሪጌታ_ዘጎንደር፦ ቃሉ አደራውን ተናግሯል። የበላው ጄኔቫ የተቀመጠው ማኅበር ነው።

አራዳው፦ የኔ ቲዎሪ፦ ከ«ዐቀበት» ነው የመጣው። ማዕቀብ የተጣለበት አገር ኑሮው ሽቅብ ነው።

የዜማ ልጅ፦ ዐቀበትና ዐቀበ በፊደል ተገናኙ እንጂ ዘመድ መሆናቸውን ማን ነገረህ?

አራዳው፦ እና «ዕቁብ»ስ? ገንዘብ ይጠበቃል፣ ተራ ይጠበቃል።

ቀለምቀንድ፦ «እቁብ» በአልፋው «አ» ነው የሚጻፈው።

መሪጌታ_ዘጎንደር፦ በዓይኑ ነው!

ቀለምቀንድ፦ የእኛ እቁብ ደብተር ላይ በ«እ» ነው ያለው፣ መሪጌታ።

መሪጌታ_ዘጎንደር፦ ጸሐፊያችሁ ማን ነው? ፊደል የቆጠረ ነው?

እቴጌ_ሰዋስው፦ እኔ ነኝ።