ለማሴ ፈርጉሰን 35 እድሳት የትኛው ፕራይመር፣ የትኛው ቀለም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማሴ ፈርጉሰን 35 ትራክተር ተፈታትቶ ለቀለም እየተዘጋጀ ነው። ኮፈኑና ፓራፋንጎው ላሜራ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ለፕራይመር፣ ማለትም ለሥረኛው ቀለም፣ ቀዩ አንቲረስት፣ አሲድ ያለውና ባለሁለት ቆርቆሮው ኢፖክሲ ቀርበውልኛል። ከላይስ ሲንቴቲክ ይሻላል ፖሊዩሬቴን? አሮጌውን ቀለምና ዝገት ለማስለቀቅ በአየር ግፊት አሸዋ ማስመታቱስ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ቀለም ቀቢ፦ ወንድሜ፣ ከሦስቱ ኢፖክሲውን ያዝ። ባለአንድ ቆርቆሮው አንቲረስት ቶሎ ሌላ ቀለም ካልተደረበበት እርጥበት ያሳልፋል፤ ኃይለኛ ቲነር ያለው ቀለም ሲደረብበት ደግሞ አብጦ ይሸበሸባል። አሲድ ያለው ፕራይመር ንጹሕ ላሜራን ጥሩ አድርጎ ይነክሳል፤ ግን ስስ ስለሆነ ብቻውን ዝገት አይከላከልም። ኢፖክሲን በአሲዱ ላይ መደረብ ደግሞ ትልቁ ስህተት ነው። አሲዱ የኢፖክሲውን ማጠንከሪያ ስለሚያውከው ከሥር በደንብ ሳይጠነክር ይቀርና ቆይቶ በልጣጭ ይነሳል። በቆርቆሮው መመሪያ ላይ ካልተፈቀደ በቀር አታገናኛቸው።

ኢፖክሲ በጊዛም በላሜራም ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ ይይዛል፤ ስቱኮም በላዩ ይቀመጣል። የቀለሙንና የማጠንከሪያውን መጠን በዓይን አትገምት፤ እንደ ፋብሪካው 1 ለ 1፣ 2 ለ 1 ወይም 4 ለ 1 ስለሚሆን መስመር ባለው ዕቃ ለካ። ብዙዎቹ ከተደባለቁ በኋላ ከመረጨታቸው በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት ይፈልጋሉ። ሁለት ድርብ ይበቃል። የላዩ ቀለም የሚደረብበት የጊዜ ገደብ መመሪያው ላይ አለ፤ ገደቡ ካለፈ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሳትጭር አትደርብ፤ ከደረብክ ቀለሙ በጥፍር ይላጣል። ብረቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘም ኢፖክሲው በወጉ አይጠነክርም።

ትራክተር አዳሽ፦ ስለ ፕራይመሩ እስማማለሁ። ግን ትራክተር ላይ ቀለም የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ፕራይመሩ ሳይሆን ቅባት ነው። ጊዛ ለዓመታት ዘይት ይጠጣል። ሳይታጠብ አሸዋ ከተመታ አሸዋው ቅባቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ግራሶውን በቢላ መፋቅ፣ ከዚያ በቅባት ማስለቀቂያና በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ማስመታት። ከተመታ በኋላ ጊዛውን ሞቅ አድርገው፤ ዘይት ካላበ እንደገና ጥረግ። ሲጠረግ ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ማስለቀቂያውን ይቀባል፣ ሌላው ሳይደርቅ ያነሳል። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱ ከቦታ ቦታ ይዞራል፤ ቀለሙም ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣል።

ኮፈንና ፓራፋንጎ ግን አሸዋ ወደሚመታ ቤት አይሂዱ። ምቱ የላሜራውን አንድ ፊት ስለሚወጥረው ሰፊው ክፍል ይቆለመማል፤ መልሶ የሚያቃናው ባትላሜም ብዙ ይደክምበታል። ለላሜራ የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ወይም በሶዳ ዱቄት የሚመታ ቤት ይሻላል። ከሶዳው በኋላ በውሃ በደንብ ካልታጠበ ግን የሚቀረው ዱቄት ፕራይመሩን አያስይዝም። የምታሠራበትን ቤት በምን እንደሚመቱና የኩሽኔታና የዘይት ቀዳዳዎችን ማን እንደሚደፍን ጠይቅ። ደፋኙ አንተ ብትሆን ይመረጣል፤ አንድ ቁንጥር አሸዋ ሞተር ይበላል። የተመታው ብረት በዚያው ቀን ፕራይመር ይቀባ፤ በባዶ እጅም አይነካ። ትራክተሩ በተሠራበት ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል አሮጌውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍግ።

የዱቄት ቀለም የሚጋግሩ ቤቶችንም ይጠቁሙሃል። ለቸርኬና ለትንንሽ ክፍሎች ድንቅ ነው። በ200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚጋገር ግን ተራ ስቱኮ አይችለውም፤ ጊዛውም የጠጣውን ዘይት ሲተፋ ቀለሙን በቀዳዳ ይሞላዋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የላዩስ?

ቀለም ቀቢ፦ ለኤግዚቢሽንም ለሥራም ከሆነ ባለአንድ ደረጃ (ክሊር የማይደረብበት) ፖሊዩሬቴን እመርጣለሁ፤ ነዳጅ ሲፈስበት አይለሰልስም፤ ፀሐይም ቶሎ አያደበዝዘውም። ሲንቴቲክ የጥንቱን ለስላሳ አብረቅራቂነት ይሰጣል፤ ለመርጨትም ገር ነው። ያለ ማጠንከሪያ ግን የነዳጅ ሰልባትዮው አፍ ዙሪያ ቤንዚን ያነሳዋል። ደግሞም ግማሽ ደርቆ ሳለ ሲደረብበት ይሸበሸባል፤ በቆርቆሮው ላይ የተፈቀደው ሰዓት ሳያልፍ ወይም ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ደርብ፣ መሃል ላይ አይደለም። ክሊር (ቀለም የሌለው አብረቅራቂ ሽፋን) የሚደረብበት የመኪና ቀለም ለዚህ ትራክተር አያስፈልግም፤ መልኩን የመኪና ያስመስለዋል።

የፖሊዩሬቴኑም የሲንቴቲኩም ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሳንባን ስለሚጎዳ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭንብል ያስፈልጋል።

ለፕራይመር 1.7 ወይም 1.8 ሚሊሜትር፣ ለላዩ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊሜትር አፍንጫ ያለው መርጫ ተጠቀም። በድርቦቹ መካከል 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቅ። በግምት የተደባለቀ ኢፖክሲ 4 ሊትር፣ ቀዩ የላሜራ ቀለምና ግራጫው የሞተር ቀለም እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃሉ።

ጠያቂ፦ የቀለሙ ቁጥርስ?

ትራክተር አዳሽ፦ መጀመሪያ ሞዴሉን አረጋግጥ። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፍኢ 35 ግራጫ ላሜራና ነሐስማ ሞተር ነበረው፤ ቀይ ላሜራና ግራጫ ሞተር የመጣው በ1957 መጨረሻ ማሴ ፈርጉሰን 35 ሲባል ነው። ናሙና ከፀሐይ ከተደበቀ ቦታ ውሰድ፤ ከሰልባትዮው ሥር ወይም ከሴሪ ቁጥር ሰሌዳው ጀርባ። ቀለም የሚቀምም ቤት በመሣሪያ ያነበዋል፤ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ተቀብቶ ደርቆ ሳታይ ግን ሁሉንም አትግዛ።

ራዲያተሩን በወፍራም ቀለም አትሸፍነው፤ ሙቀት ይይዛል። የጭስ ማውጫውን ኢፖክሲ ሳይነካው እስከ 650 ዲግሪ በሚችል ቀለም ብቻ ቀባው።